በገድለ ላሊበላ ስለ ዕርገትና ስለ ዋጋ የተሰጠ ሐተታ

ሙሴ በተራራው ላይ የድንኳኑን ምሳሌ አይቶ እንዳየው ይሠራ ዘንድ መታዘዙ በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 25 ተጽፏል። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 12 እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለ ተነጠቀው ሰው ሲናገር፥ በሥጋ ይሁን ከሥጋ ውጭ የሚያውቀው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ብቻ ገለጸ እንጂ የተሰማውን ነገር አልገለጠም። ገድለ ላሊበላ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ያገናኛል። ላሊበላ የተሰጠውን መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ሲተኛ፥ መላእክት ወደ ሰማይ አወጡት፤ ከአለት የታነጹትን አብያተ ክርስቲያናትም አየ፤ የሚነግሠውም ለዚህ ዓለም ክብር ሳይሆን ያየውን በምድር ይሠራ ዘንድ እንደ ሆነ ተነገረው።

እንግዲህ በገድሉ ዘንድ የመንግሥት ምንጭ ራእይ ነው። ክብረ ነገሥት ግን መንግሥትን ከሰሎሞን ዘር ይመዝዛል፤ የዛጔን ነገሥታትም ከእስራኤል ወገን አይቈጥራቸውም። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ትውልድ በኋላ፥ ዙፋኑም ለሰሎሞናውያን ከሆነ በኋላ ነውና፥ ጸሓፊው ወደ ዘር ክርክር መግባት አላሻውም፤ ይልቁንም ከዚያ የሚከብድ ጥያቄ አነሣ። ሰማይን አየሁ የሚል ንጉሥ እውነተኛ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?

ሰኔ 12 ቀን በበዓሉ የሚሰበከው ሕፃኑን ስለ ከበቡት ንቦችና በሌሊት ስለ ሠሩት መላእክት ነው። ይህም ደግ ነው፥ ሕዝቡም ይወደዋል። ነገር ግን ብዙ ሰባኪ ፈጥኖ የሚያልፈው አንድ ቦታ አለ። ንጉሡ የብረት መሣሪያ ካሠራ በኋላ ድንጋይ ጠራቢውንም አፈር ተሸካሚውንም ሰብስቦ፥ ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ጠየቃቸው፤ የተናገሩትንም ሰጣቸው፤ ይኸውም ንጉሥ በግድ አሠራን የሚል እንዳይኖር ነው። ቦታውንም ከባለቤቶቹ በወርቅ ገዛ፤ በከንቱ ቢወስደው ኖሮ ግን ማን ይከለክለው ነበር?

የገድሉ መልስ ይህ ነው። ሳሙኤል ለእስራኤል ንጉሥ እርሻችሁን ይወስዳል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ አክዓብም የናቡቴን ወይን በደም ወሰደ፤ ዳዊት ግን የኦርናን አውድማ በነፃ ሲሰጠው እንቢ ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዛ። ላሊበላ ከዳዊት ጋር ይቆማል። ቤተ መቅደሱን የሠራው ሰሎሞን እንኳ 30 ሺህ ገባር መልምሎ ነበር፤ ከሞተም በኋላ ሕዝቡ በልጁ በሮብዓም ፊት ቀንበሩ እንደ ከበደበት ጮኸ፤ መንግሥቱም ተከፈለ።

ክብረ ነገሥትም ንጉሥንና ድንጋይ ተሸካሚን ፊት ለፊት ያቆማል። ሰሎሞን በላብ የወረዛውን፥ ልብሱ ያረጀውን ሠራተኛ ለንግሥት ማክዳ አሳይቶ፥ ሁለቱም አፈር ናቸውና ከእርሱ በምንም እንደማይበልጥ ይናገራል። ይህ ንግግር እጅግ ጥልቅ ነው፤ ሰው ሟችነቱን ዐውቆ ከራሱ በላይ የሚመለከትበት ነው። ነገር ግን ነገሩ በንግግር ያልቃል። በገድሉ ያለው ንጉሥ ስለ እኩልነት አይናገርም፤ ዋጋውን ይጠይቃል እንጂ።

እንዲህ ማንበብ ዛሬ ኮን ከተማዋ ለሆነችው ለዋድላ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ አይነሣምና፥ ንቡና መልአኩ ሰሙ ሲሆኑ ዋጋው ወርቅ ነው ቢል አያስነቅፈውም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስም ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያሳልፉ፥ ወደ ዋድላ በሚያወጣው ገደል መንገድ አስጠርገዋል፤ በገዛ እጃቸውም ድንጋይ አንሥተዋል። እርሳቸውም በእግዚአብሔር እንደ ተመረጡ ያምኑ ነበር። ገድሉን ያነበበ ሰው በዚያ መንገድ ሲያልፍ የጠራጊዎቹን ዋጋ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው ከዚሁ ከላስታ የወጣ ነው።

ገድሉም ራሱ ከነቀፋ አያመልጥም። ሠራተኞቹ ማታ የተዉትን ሥራ ጠዋት በልጦ ያገኙት ነበር ካለ በኋላ፥ የሰው እጅ በመላእክት እጅ ውስጥ ይጠፋል። ዋጋውን የተናገሩት ሰዎች ማን ማን እንደ ነበሩ ጸሓፊው አላነሣም።