ለምለምና ዘመን አይሽሬ

በእጅ ለምትገለበጠው ለዚህች ወረቀታችን ከሚደርሱን ግጥሞችና ጽሑፎች መካከል «ለምለም» ወይም «ዘመን አይሽሬ» የሚል ቃል ያልገባበት ጥቂት ነው። አገር ለምለም ናት፤ ፍቅር ለምለም ነው፤ አምና የወጣው ዘፈን ሳይቀር ዘመን አይሽሬ ነው። ቃላቱን አንጠላም። ያለ ቦታቸው ሲበተኑ ግን ዋጋቸው ስለሚረክስ ምን እንደሚሉ ልንመረምር ወደድን።

እንግሊዞች ዓመት ሙሉ ቅጠሉን ይዞ የሚታየውን ዛፍ «ኤቨርግሪን» ይሉታል፤ ዘወትር አረንጓዴ ማለት ነው። ከዛፉም ተነሥተው የማይሰለቸውን ዘፈን በዚያው ስም ይጠሩታል። የእኛ ሰው ይህን ሲተረጉም «ለምለም» ይላል። እዚህ ላይ አንስማማም። ለምለም የዝናብ ቃል ነው። ለምለም ሣር፣ ለምለም መስክ፣ ለምለም ቄጤማ እንላለን፤ ሁሉም ይደርቃሉ። ለእንቁጣጣሽ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ የሚወደደው ለትኩስነቱ እንጂ ለመቆየቱ አይደለም። በዚህ በሞያሌ ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦም ዝናብ ሲጥል በጥቂት ቀን ይለመልማል፤ ድርቁ ሲገባ ይራቆታል።

ዘወትር አረንጓዴውን የሚሻ በሰሜን የያቤሎንና የአሬሮን ጥድ፣ በደቡብ የማርሳቢትን ተራራ ደን ያስታውስ። ቦረናዎች «ኤጄርሳ» የሚሉት፣ የወተት ዕቃም የሚያጥኑበት ወይራ ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ዛፎች ቅጠል አያረግፉም የሚባለው ግን ስሕተት ነው። ያረግፋሉ። አሮጌው ከመውደቁ በፊት አዲሱ ስለሚበቅል ነው ራቁታቸውን የማናያቸው።

ለመጻሕፍትም ይህ ይሠራል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ የባላባቱን ሥርዓት የሚነቅፍ መጽሐፍ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ከመጽሐፉም አንድ ቅጠል ረገፈ ማለት ይቻላል። የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር፣ የጉዱ ካሣ ነገር ግን እንደ አዲስ መነበቡን አልተወም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውማ ፊደል ያልቆጠረውም ሰማው።

ሁሉም ዘወትር አረንጓዴ ደግሞ አይመሰገንም። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷል፤ ዓመት ሙሉም አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ግን ሣር እምብዛም አይበቅልም። ስማቸው የከበደ ጸሐፊዎቻችንን እየገለበጡ የሚጽፉልን ወጣቶች ይህን ቢያስቡት እንወዳለን።

«ዘመን አይሽሬ» ግን የራሳችን ቃል ነው፤ ከዛፍ አልተወሰደም። ሹም ሲወርድ ተሻረ እንላለን፤ አዋጅም ይሻራል። ስለዚህ ዘመን አይሽሬ ማለት ዘመን ከወንበሩ የማያወርደው ማለት ነው፤ ዘመን ሳይፈትነው ይህን ስም ለአምና ዘፈን መስጠት ያለ ፍርድ መሾም ነው። ሁለተኛም ትርጉም አለ። ቁስል ሲድን ሻረ ይባላል። ጊዜ የማይሽረው ቁስል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ከዚህ ሰፈር ያለ ሰው ትርጓሜ አያስፈልገውም።

አንድ ገጣሚያችን የስደት ናፍቆቱን «ዘመን አይሽሬ» ብሎ የላከልን ግጥም ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ስንኝ ይዟል፤ ናፍቆቱ ከዙፋኑም አይወርድም፣ አይድንምም። እንዳለ ገልብጠነዋል። «ለምለም ናፍቆት» ያለውን የሌላውን ግን መልሰንለታል።