ቡድን የሠራው አሰልጣኝ፦ የወልደመስቀል ኮስትሬ ውርስ

እ.ኤ.አ. ግንቦት 2016 ያረፉት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በተነሱ ቁጥር ሜዳሊያ መቁጠር ይቀድማል። ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ገዛኸኝ አበራ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ መሠረት ደፋር፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንም በ2006 የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ብሏቸዋል። ቆጠራው ግን ሰውየው ምን እንደሠሩ አይነግረንም። ባለ ተሰጥኦ ሯጭ ከእሳቸው በፊትም ነበረ፤ አበበ ቢቂላን ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን፣ ምሩጽ ይፍጠርን ንጉሤ ሮባ ለድል አብቅተዋል።

በእኔ ንባብ የወልደመስቀል ዋና ሥራ ተቀናቃኞችን በአንድ ልምምድ ማዋል ነው። በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ፣ በ2003 በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ ስህን ተከታትለው የገቡት በአጋጣሚ አይደለም። አሰልጣኙ የተማሩት ሃንጋሪ ነው። ያች አገር በ1950ዎቹ በአሰልጣኝ ሚሃይ ኢግሎይ እጅ በርካታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰባሪዎችን በአንድ ቡድን ያፈራች ናት። ዝምድናውን በሰነድ ባላረጋግጥም የአሠራሩ መመሳሰል ዓይን ይስባል።

ይህ አሠራር ግን ያለ ደመወዝ አይቆምም ነበር። አበበና ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ፣ ምሩጽ የአየር ኃይል ሰዎች ነበሩ፤ ቀነኒሳ የሙገር ሲሚንቶ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የማረሚያ ቤቶች ክለብ አባላት ሆነው ሮጠዋል።  ቀለብና ደመወዙን ክለቡ ይሸፍን፣ ብሔራዊ ቡድኑ ሯጩን ይወስድ፣ አሰልጣኙ ያዝዝ ነበር። ወልደመስቀል ቆፍጣና ነበሩ መባሉን እንደ ጠባይ ብቻ የሚያነቡ ጸሐፍት ይህን ይዘሉታል፤ ሥርዓቱም ቁጣን የሚሸከም ነበር።

የ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ የዚህን ሥርዓት ሁለት ፊት አሳይቷል። በ10,000 ሜትር ቀነኒሳና ስለሺ የእግር ጉዳት ያለበትን ኃይሌን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ቀነስ እያደረጉ ወደ ኋላ ሲመለከቱ ታይተዋል። ኃይሌ አልደረሰባቸውም፣ አምስተኛ ወጣ፤ ነሐሱን ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ወሰደ። ብዙዎች ያን ቅጽበት ፍቅር ብለው ያወድሱታል፤ ነው። ግን የግል ውድድር ውስጥ የገባ የጋራ ስሌትም ነው፤ ለሯጮቹ ብዙ ዋጋ ያላስከፈላቸው ሁለቱ ከሁሉም ስለበለጡ ነው።

በዚያው ዘመን የማራቶንና የጎዳና ሩጫ ገንዘብ አደገ፣ ሯጩን ማኔጀር አስተዳደረው። በ2012 መጀመሪያ ፌዴሬሽኑ ወደ ብሔራዊ ቡድን ልምምድ አልመጡም ያላቸውን ቀነኒሳን ጨምሮ በርካታ አትሌቶች ሲያግድ ጉዳዩ የሥነ ሥርዓት ይመስል ነበር። እውነቱ ከፋዩ መለወጡ ነው። በእርግጥ አዲሱ ዘመን የወልደመስቀልን መንገድ አፈረሰ የሚለው ሐዘን ልክ አይደለም። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ፣ በተጎዳው ሲሳይ ለማ ምትክ ተሰልፎ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ያሸነፈው ታምራት ቶላ የሚሠለጥነው በገመዱ ደደፎ ነው፤ በገመዱ ቡድን ውስጥም ትዕግሥት አሰፋን የመሰሉ ስመ ጥሮች ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ቡድኑ አለ፤ የሚያስተዳድረው ግን ክለብም ፌዴሬሽንም አይደለም፣ የማኔጀርና የጫማ ኩባንያ ውል እንጂ።