በልጁ ዐይን ልክ

ልጅ ለማንሳት የሚንበረከክ ፎቶ አንሺ ምስጋና ይገባዋል። በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ለክርስትና፣ ለልደት ወይም ለፊቼ ጫምባላላ አዲስ ልብስ ለብሶ ፎቶ ቤት የሚገባን ሕፃን ከላይ ወደ ታች ቢያነሱት ግንባሩ ይገዝፋል፣ እግሩ ያጥራል፤ ሌንሱ ከዐይኑ ጋር ሲስተካከል ግን መልኩ በልኩ ይቀመጣል። መብራቱም ጥበብ ይጠይቃል። ፊት ለፊት የሚተኮስ ፍላሽ ከጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ በሰፊ ነጭ ጨርቅ ተጣርቶ ወደ ልጁ የተጠጋ መብራት ግን ጥላውን ያለሰልሳል፣ በብሌኑ ውስጥም አንዲት ነጭ ነጥብ ያኖራል። ያቺ ነጥብ ከሌለች ዐይን ይፈዛል።

ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን ፎቶ ቤት ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ልጅ በቤቱ ይበልጥ ዘና ይላል። ይሁንና በስልክ የተከማቸው ምስል ብዙ ጊዜ ከስልኩ ጋር ይጠፋል፤ ታትሞ አልበም የገባው ይቆያል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የድሮ ፎቶዎችን ከየቤተሰቡ ሰብስቦ ማሳተም የቻለው ሰው አልበሙን ጠብቆ ስላቆየ ነው። ከፎቶ ቤቶች አሠራር ግን አጥብቄ የምቃወመው ፊትን በኮምፒውተር ማንጣትን ነው፤ ጠይም ልጅ የሚያስፈልገው የተመጠነ ብርሃን እንጂ ሌላ ቆዳ አይደለም። የሚያኮርፈውንም በግድ ማሳቅ አያሻም፤ እናቱ ከካሜራው ጎን ሆና ስሙን ስትጠራው ቀና የሚልባት ቅጽበት ትበቃለች።