የቤት ሥራን የሚሸሽ ልጅና የሚረዳው እጅ

የቤት ሥራውን የማይሠራ ልጅ ጉዳይ በወላጆች ስብሰባ ላይ በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ብያኔ «ሰነፍ ነው» የሚል ነው። ከብያኔው የሚከተሉት መድኃኒቶችም የታወቁ ናቸው፤ ቁጣ፣ የሽልማት ተስፋ፣ አለዚያም ደብተሩን ተቀብሎ ሠርቶ መመለስ። ከሦስቱ የዋህ መስሎ የሚታየውና ብዙ ሂስ ሳይደርስበት የቆየው ሦስተኛው ነው። ጉዳቱ ግን ከሌሎቹ አያንስም።

ለዚህ ከሒሳብ ትምህርት አንድ ምሳሌ መመልከት ይበቃል። አንድ ተማሪ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት እንደሚሆን ተጠይቆ 2/5 ብሎ ይጽፋል፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ጋር ደምሯል ማለት ነው። ይህንኑ ስሕተት በተከታታይ ሲሠራ የተመለሰለት ቀይ ምልክት ብቻ ስለሆነ ደብተሩን መግለጥ ጠልቷል። ማታ ማታ ራሱን ያመዋል፤ ሳይታዘዝ ውሃ ልቅዳ ይላል። በመጨረሻ ታላቅ እህቱ ታዝንለትና 2/5ን በላጲስ አጥፍታ 5/6 ብላ ትጽፍለታለች። በማግስቱ ስልሳ ደብተር የሚጠብቀው መምህር የትክክል ምልክት አድርጎ ያልፋል። በላጲስ የጠፋው መልስ ግን ለመምህሩ ከተጻፈው ይልቅ የሚጠቅም ማስረጃ ነበረ፤ ልጁ ምን እንዳልገባው የሚያሳየው እርሱ ብቻ ነውና።

እህቱ ልትረዳው የምትችልበት ሌላ መንገድ አለ። «ግማሽ እንጀራ በልተህ ሲሶ ብትጨምር የበላኸው ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብላ ብትጠይቀው ልጁ ያለ ጥርጥር «ይበልጣል፣ እትዬ» ይላል። 2/5 ግን ከግማሽ ያነሰ ነው፤ አምስት ቦታ የተቆረሰ እንጀራ ግማሹ ሁለት ቁራሽ ተኩል ነውና። ልጁ ትክክለኛውን መልስ ገና አላገኘም፤ ነገር ግን የራሱን መልስ የሚጠረጥርበት ምክንያት አግኝቷል። እኩልና ሲሶ በገበሬ ቤት ከምርት ክፍፍል ጋር የኖሩ ቃላት ስለሆኑ ፊደል ያልቆጠረች እናትም ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አይሳናትም።

ዴቪድ ዉድ፣ ጀሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት ጥናት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት በረዳት እየታገዙ የእንጨት ቁራጮችን ገጣጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ የታየበት ነው። ከረዳቱ ተግባራት መካከል የልጁን ፍላጎት መቀስቀስ፣ ሥራውን በልጁ አቅም ልክ ማቅለልና ብስጭቱን ማብረድ ተጠቅሰዋል። እርግጥ ነው፣ እዚያ አንድ ረዳት ለአንድ ሕፃን ተመድቦ ነበር፤ አራት ታናናሾች ያሏት እህት ይህን ያህል ጊዜ የላትም። ስለዚህ ሙሉውን ገጽ ከማሠራት ይልቅ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ብቻ አብራ ብታስጀምረው ይሻላል።

ስለ ሽልማት ሲነገር ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ጥናት ይጠቀሳል፤ ሽልማት እንደሚያገኙ አስቀድሞ ተነግሯቸው ሥዕል የሣሉ ሕፃናት በኋላ በራሳቸው ፈቃድ የመሣል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ እነዚያ ሕፃናት መሣልን ከመጀመሪያውም ይወዱ ነበር። ክፍልፋይን ለሚጠላ ልጅ ግኝቱን እንዳለ ማዛወር ችኮላ ነው። ከረሜላው ሊጎዳውም ላይጎዳውም ይችላል፤ የታሕትን ምሥጢር ግን አያስረዳውም።

ዕቅድ አውጪዎችን ይበልጥ የሚመለከተው የሥራው ብዛት ነው። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2003 የተደረጉ ጥናቶችን መርምረው በ2006 እንዳቀረቡት፣ በቤት ሥራና በትምህርት ውጤት መካከል ያለው ዝምድና ከ7ኛ ክፍል በላይ ጠንከር ያለ ሲሆን ከዚያ በታች ደካማ ነው። የአሜሪካ ቤት ኩራዝ ከሚበራበት ቤት ጋር አይመሳሰልም፤ ግኝቱም የቤት ሥራ ይቅር የሚያሰኝ አይደለም። ነገር ግን ለ4ኛ ክፍል ልጅ ሃያ ተመሳሳይ ጥያቄ መስጠትን ልማድ ያደረገ መምህር ለዚህ ድርጊቱ ከጥናቱ ድጋፍ አያገኝም።

ሃያው ወደ አራት ቢወርድ መምህሩም የሚያርመው ይቀንስለታል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለዚሁ ቢመደቡ ተማሪዎቹ የመጀመሪያዋን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ጀምረው ይሄዳሉ፤ መምህሩም በዴስኮቹ መካከል እየተዘዋወረ 2/5 የጻፉትን በዓይኑ ያያል። በቤት የሚረዱ ሰዎች ደግሞ ልጁ የተሳሳተውን እንዳያጠፉ፣ መቀጠል ያቃተው ቦታ ላይ በእርሳስ አስምረው ደብተሩን እንዲመልሱ በወላጆች ስብሰባ ሊነገራቸው ይገባል።