ዳግም ልደትና የማዕድ አንድነት፦ ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ

ጌታችን ለኒቆዲሞስ ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ ያስተማረው ትምህርት በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት መካከል ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ የሚያተኩረው በአብዛኛው ልደቱ መቼ ይፈጸማል በሚለው ላይ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንዱ ሕፃን በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው፣ ሜሮን ተቀብተው፣ ማተብ ታስሮላቸው ልጅነትን ያገኛሉ፤ ጥምቀትም ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ ነው። የቃለ ሕይወትና የሙሉ ወንጌል ምእመናን ደግሞ ሰው አምኖ «ጌታን ተቀበልሁ» ብሎ ከመሰከረ በኋላ ያጠምቃሉ። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትንም ታጠምቃለች፤ የግል እምነትን ምስክርነትም አጥብቃ ትሻለች።

በዚህ ዳሰሳ የማነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ዳግም የተወለደ ሰው ከማን ጋር ይበላል? የካፋ፣ የሸካና የቤንች የቡና ምድር ይህን ጥያቄ ችላ እንድንለው አይፈቅድልንም። መከራከሪያዬ አጭር ነው። አዲስ ዝምድና ያላፈራ ዳግም ልደት በቃል ተሰበከ እንጂ በኑሮ አልተፈጸመም።

ክርስትና ለዚህ አካባቢ የትናንት እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ የጎረቤቱ የእናርያ ገዥ ተጠምቋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካፋ የደረሱት የካቶሊኩ አቡነ ማስያስ የጥንቱን ክርስትና ቅሪት አግኝተዋል። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተያዙ በኋላ ግን ጥምቀት ለብዙዎች የመጣው ከነፍጥና ከገባር ሥርዓት ጋር ነው። ያኔ «ጊሚራ» ይባል የነበረው የዛሬው ቤንች አገር በባሪያ ንግድ ክፉኛ ተራቁቷል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ ከወላይታና ከአጎራባቹ አገር የተነሡ ወንጌላውያን በእግራቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ዘለቁ። የበበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎች ሠራተኛ ከየአገሩ ሳቡ፤ የ1977 ዓ.ም. ድርቅም ሰፋሪዎችን ወደ አካባቢው አመጣ። ዛሬ በሚዛንና በቴፒ በአንድ ጉባኤ የሚቀመጠው ምእመን ከብዙ ወገን የተሰባሰበ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የካፋ ሰው መንፈሳዊ ሕይወት በኤቆ መንፈስና ኤቆ በሚወርድበት ሰው፣ በአላሞው ዙሪያ ይዞር ነበር። ስለዚህ እዚህ ማመን ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ጌታን መለወጥ ነው። አማኙ የአላሞውን ደጅ ይተዋል፣ ለመንፈሱ ያቀርብ የነበረውን መሥዋዕት ያቆማል። ይህ እውነተኛና ዋጋ የሚያስከፍል መለወጥ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ይሁን እንጂ ጌታውን የለወጠ ሰው ሁሉ ባልንጀራውን የሚያይበትን ዓይን ለውጧል ማለት አይደለም።

የማንጆ ማኅበረሰብ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ማንጆዎች በካፋ ነገሥታት ዘመን የመንግሥቱን በሮች የሚጠብቁ አዳኞች ነበሩ። የጉሬዛና የሌሎች የዱር እንስሳት ሥጋ ይበላሉ ተብለው እንደ ርኩስ ተቆጠሩ። ገዛኸኝ ጴጥሮስ ስለ ካፋ ያቀረበው ጥናት፣ እንዲሁም የጃፓናዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሳዩሪ ዮሺዳ ሥራዎች መገለሉን በዝርዝር መዝግበዋል። ማንጆው ወደ ሌላው ቤት አይገባም፤ ምግብ ቢሰጠውም በውጭ፣ በቅጠል ላይ ነው፤ ጋብቻ ፈጽሞ አይታሰብም። ብዙዎች ሥጋውን ትተው፣ ተጠምቀው፣ በየቤተ እምነቱ ተቆጠሩ፤ መገለሉ ግን አብሯቸው ቀረ።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ከባድ ነው። ምግቡ ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ምግቡ ሲተው መናቁም ባበቃ ነበር። ሰውየው የተፈረደበት በአፉ በገባው ሳይሆን በተወለደበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ልደት ሰጠችው፤ ጎረቤቱ ግን የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ነው። ያ ጎረቤትም ራሱ የተጠመቀ ነው! በእርሱ ልብ ውስጥ የመጀመሪያው ልደት ሁለተኛውን ረትቶታል።

መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ችግር ዝም አላለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ጴጥሮስ ርኩስ የሚባሉ እንስሳትን በራእይ ያያል፤ የራእዩ ፍቺ ግን ሰው ሆኖ ይገኛል፣ የቆርኔሌዎስ ቤት። ጴጥሮስ ይገባል፣ ያስተምራል፣ ቤተ ሰቡ ይጠመቃል። ያው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ሰው ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ሲሸሽ ጳውሎስ ፊት ለፊት እንደተቃወመው የገላትያ መልእክት ይተርካል። ለጳውሎስ ማዕድ መለየት የወንጌሉን እውነት መሳት ነበር። በአገራችንም አፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሃይማኖት መግለጫ፣ የእሪያ ሥጋ የሚበላውን እንደማይጸየፉ፣ የማይበላውንም እንደማያስገድዱ አስረድተዋል። እንግዲህ በምግብ ሰበብ ሰውን ማራቅ ከሐዋርያትም ከአባቶችም ትምህርት አይገኝም።

ድኅነት በነፍስና በእግዚአብሔር መካከል ነው፣ የማኅበረሰብ እኩልነት የመንግሥት ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። ጳውሎስ ግን የቆሮንቶስ ሰዎችን የገሠጸው ድኻውን አሳፍረው ለየብቻ በመብላታቸው፣ ያውም በጌታ እራት ላይ ነበር። ሌሎች ደግሞ ትምህርትና ከተሜነት ነገሩን በጊዜ ያጠፉታል ይላሉ። በከተማ ቡና ቤት የጎሣ ጥያቄ አይነሣ ይሆናል፤ ሽማግሌ ለጋብቻ በተላከ ቀን ግን ይነሣል። ከተማ የሸፈነውን ቁስል መፈወስ የቤተ እምነት ድርሻ ነው።

መድኃኒቱም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ኦርቶዶክሱ አበልጅነት አለው። የክርስትና አባትና እናት ለተጠማቂው ወላጅ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ቤቶችም እንደ ሥጋ ዘመድ ስለሚቆጠሩ አይጋቡም። ከውኃ የሚወለድ ዝምድና እንዳለ ሥርዓቱ ራሱ ይመሰክራል። ወንጌላውያኑም እርስ በርስ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ይባባላሉ፤ በየቤቱ እየዞሩ አብረው ይጸልያሉ። ጉድለቱ እነዚህን ሥርዓቶች ለተናቀው ሰው እስከ መጨረሻው አለመዘርጋታችን ነው።

በቦንጋ፣ በቴፒና በሚዛን ያላችሁ ካህናት፣ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች፣ የማንጆውን ልጅ ክርስትና አንሡ፤ ቤቱ ገብታችሁ ከማዕዱ ብሉ፤ ልጆቻችሁ ሲጋቡም እምነትን እንጂ ዘርን አትጠይቁ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ንም በካፊኛ፣ በሸክኛና በቤንችኛ ደጋግማችሁ ስበኩ። ይህ ሳይሆን ስለ ልደቱ ጊዜ የምናደርገው ክርክር ሁሉ ከንቱ ነው።