ስለዚያች የአሕጽሮተ ቃላት ወረቀት



በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንተቸው መጽሐፍ ነው። ለዛሬ ግን አንዲት ወረቀት መርጠናል። ደራሲዋ አይታወቅም፤ የታተመችበት ዓመት የላትም፤ ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ እየተነሳች ዳር ዳሯ ጠቁሯል። ሆኖም በነርሲንግ ተማሪዎቻችን ዘንድ የእሷን ያህል የተነበበ ጽሑፍ መኖሩን እንጠራጠራለን። የሕክምና አሕጽሮተ ቃላት ዝርዝር ናት። በግራ ፊደላቱ፣ በቀኝ የእንግሊዝኛ ፍቺያቸው፣ ከኤ እስከ ዜድ ተደርድረዋል። አለቀ። ተማሪው ይሸመድዳል፣ መምህሩ በፈተና ይጠይቃል፣ ተማሪው ያልፋል።

እኛ ወረቀቷን የምናውቃት ከካርቱም ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ እስኪጀመር ድረስ ደይምና ሌሎች ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩ የሐበሻ ልጆች ነርሲንግ ሲማሩ በእጃቸው ይዘዋት ይዞሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላ፣ ወደ መተማ ተበታተኑ። ወረቀቷም አብራ ተሰደደች። ዛሬም በየካምፑ በጤና ረዳትነት የሚያገለግሉት ልጆች ደብተር ውስጥ ተጣጥፋ ትገኛለች። ለዚህም ነው ልንተቻት የፈለግነው፤ የሞተች ወረቀት ብትሆን ኖሮ ዝም ባልን።

ከጥቅሟ እንጀምር። ዋጋዋ የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ ትነበባለች። ያለ እሷ ተማሪው ቻርት ፊት እንደ እንግዳ ነው የሚቆመው። ካርቱም ውስጥ ዘመናዊ የሕክምና ትምህርት የተመሠረተው በ1924 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ነው፤ ስለዚህ የዋርዱ አጻጻፍ የእንግሊዞች ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች በአረብኛ እንዲያስተምሩ ሲታወጅ እንኳ የሐኪሞቹ ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ እንደሆነ ቀረ። እስቲ አስቡት! ተማሪዋ ቤቷ አማርኛ ትናገራለች፣ ከሕመምተኛው ጋር አረብኛ፣ መጽሐፏ እንግሊዝኛ ነው፣ የመድኃኒቱ ትእዛዝ ደግሞ ከላቲን የተቆረጠ ነው። በሁለት ፊደል ውስጥ አራት ቋንቋ ማለት እኮ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው ነቀፌታችን እዚህ ላይ ነው። ወረቀቷ ላቲኑን አትናገርም። «ቢስ» ሁለት ጊዜ፣ «ቴር» ሦስት ጊዜ፣ «ኳተር» አራት ጊዜ፣ «ዲኤ» ቀን መሆኑን በአንድ መስመር ብታስቀምጥ ኖሮ ግማሹ ሽምደዳ በቀረ ነበር። እንግሊዞቹ ቢዲ፣ ቲዲኤስ፣ ኪውዲኤስ ይላሉ፤ አሜሪካኖቹ ቢአይዲ፣ ቲአይዲ፣ ኪውአይዲ። እኛ አገር በብዛት የሚጻፈው ሁለተኛው ነው። ካርቱም ቲዲኤስ ብላ የተማረች ልጅ ድንበር ተሻግራ ቲአይዲ ስታይ ሌላ ነገር ይመስላታል፤ ሁለቱም ግን በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ሥሩን ብታውቅ በአንድ አፍታ ትረዳዋለች። ፊደሉን ብቻ የያዘች ግን ወይ ትገምታለች ወይ ትደነግጣለች።

አንዳንዱ ደግሞ በመገመት የሚታለፍ አይደለም። ኦዲ የሚለውን እንውሰድ። በእንግሊዞቹ አጻጻፍ «በቀን አንድ ጊዜ» ነው። በአሜሪካኖቹ መጽሐፍ «ቀኝ ዓይን» ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከመጠን በላይ መድኃኒት የወሰደ ሰው ማለት ይሆናል። በእጃችን ያለችው ቅጂ የምታውቀው ቀኝ ዓይንን ብቻ ነው! ዲሲም እንደዚሁ ነው፤ «ሕመምተኛው ይውጣ» ነው ወይስ «መድኃኒቱ ይቁም»? ሐኪሙ ለሚወጣ ሰው ዲሲ ብሎ ከሥሩ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ቢዘረዝር፣ አንባቢዋ ሁሉንም ልታቆምበት ትችላለች። አንድ ፊደል አንድ ፍቺ አለው ብላ የምታስተምር ወረቀት በዚህ በኩል ትዋሻለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ግን ወረቀቷ የሚነበበውንና የሚጻፈውን አለመለየቷ ነው። ማንበብ ያለብን ሌላው ሰው ስለሚጽፈው ነው። እኛ ራሳችን መጻፍ አለብን ማለት ግን አይደለም። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይጻፉ የከለከላቸው አጻጻፎች አሉ። የእንግሊዞቹ የመድኃኒት መመሪያ ቢኤንኤፍም ቢሆን ትእዛዝ ሳያጥር በሙሉ ቃል ቢጻፍ ይመረጣል፣ ዩኒትና ማይክሮግራም ደግሞ አይታጠሩ ይላል። የእኛዋ ወረቀት እነዚህን ከሌሎቹ ጋር እኩል ደርድራቸዋለች።

ምክንያቱን ለማየት ዩኒትን እንውሰድ። ኢንሱሊን የሚለካው በዩኒት ነው። ሐኪሙ 10 ብሎ ጎኑ ላይ «ዩ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል በችኮላ ቢጽፍና አፏ ቢገጥም ዜሮ ትመስላለች፤ 10 የነበረው 100 ሆነ ማለት ነው። አሥር እጥፍ ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ሙሉ ቃሉን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ስንት ሴኮንድ ነው? ማይክሮግራምም ሲታጠር ሚሊግራም ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ማግኒዥየም ሰልፌትና ሞርፊን ሰልፌት በኬሚካል ፊደላቸው ሲጻፉ ይመሳሰላሉ፤ የመጀመሪያው ነፍሰ ጡሯን ከሚጥል የደም ግፊት ሕመም የሚያድን ነው፣ ሁለተኛው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ። አዋላጅነት የምትማሩ ይህችን በቀይ ጻፏት።

ቁጥሩም ራሱ ጣጣ አለው። 3 ብሎ ነጥብና ዜሮ የሚጨምር ሰው፣ ነጥቧ ካልታየች 30 ጻፈ። በተቃራኒው ግማሽን ለማለት ከነጥብ በፊት ዜሮ ካላስቀደመ፣ 5 ተብሎ ይነበብበታል። ካርቱም ላይ ይህ ይብሳል። በአረብኛው አጻጻፍ አምስት ቁጥር ክብ ናት፤ ከእኛ ዜሮ ጋር መንታ ናቸው። የአረብኛው ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ነው! ስድስቱም ሰባት ይመስላል። ሽንኩርት ለመግዛት ሱቅ የወረደ ስደተኛ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ተምሯል፤ በኪሱ ነው የተማረው። ዋርድ ውስጥ ግን የሁለቱ አጻጻፍ ቁጥሮች በአንድ ቻርት ላይ ሲገናኙ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳይ ወረቀቷ አንድ መስመር የላትም። መቼም ሌላ አገር ለሌላ ሰው የተዘጋጀች ናት፤ እሷን አንወቅሳትም። የምንወቅሰው ሳንነካካ የምናባዛትን ነው።

እዝባርም አለች። እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ያለ እዝባር መኖር አንችልም፤ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ሲ/ር እያልን ነው ያደግነው። በመድኃኒት ትእዛዝ ላይ ግን በሁለት ቁጥሮች መካከል የገባች እዝባር አንድ ቁጥር መስላ ትነበባለች። ስለዚህ ይህ ልማዳችን የዋርድ በር ላይ መቅረት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተማሪዋ ፊደሉን በትክክል ፈታች እንበል። ሥራው አልቋል ወይ? በጭራሽ! ትእዛዙ ገና ሕመምተኛው ጆሮ አልደረሰም።

«በየስምንት ሰዓቱ» የሚለውን ትእዛዝ ተመልከቱ። ካርቱም ውስጥ ለሱዳናዊው «ኩል ተማንያ ሳዓት» ብትሉት ይገባዋል። ለሐበሻዋ እናት ግን «በየስምንት ሰዓቱ» እና «በስምንት ሰዓት» የሚለያዩት በጥቂት ድምፅ ነው። አንዱ በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ ሌላው አንድ ጊዜ፣ ያውም ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ምሳ እንደተበላ። የሰዓታችን አቆጣጠር ደግሞ ከእነሱ በስድስት ሰዓት ይለያል። ቻርቱ ላይ 6፣ 14 እና 22 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ለእሷ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ነርሷ ከአረብኛው ቀጥታ ገልብጣ «ስድስት ሰዓት ላይ ስጪው» ካለቻት፣ ንጋት ላይ መሰጠት የነበረበት መድኃኒት እኩለ ቀን ላይ ይሰጣል። ማንም አልተሳሳተም፣ ሁሉም በየሰዓቱ ልክ ነው፤ ሕፃኑ ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ አላገኘም።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ኤንፒኦ ነው፤ እንግሊዞቹ ኤንቢኤም ይሉታል። ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው ምንም ነገር በአፉ እንዳይገባ ማለት ነው። በአረብኛ ለሕመምተኛው «ሳይም» ሁን ቢባል አይከብደውም፤ በእስልምናው ጾም ውሃም አይቀመስም። ይህን ወደ አማርኛ መልሳችሁ ለኦርቶዶክሷ እናት «ይጹሙ» ብትሏት ግን ምን ትረዳለች? ጾም ለእሷ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ የለም ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሽሮዋን ትበላለች፤ ጾሟንም አልገደፈችም። በማደንዘዣ ውስጥ እያለች ያ ሽሮ ተመልሶ ወደ ሳንባዋ ቢገባስ? ትክክለኛው ትርጉም ጾም አይደለም። «ከዚህ ሰዓት በኋላ እህልም፣ ውሃም፣ ሻይም፣ ቡናም፣ ምንም ነገር በአፍዎ እንዳይገባ» ነው። ቡናን ለይታችሁ መጥራት አትርሱ። ሐበሻ ቡናን ከምግብ አይቆጥርማ!

አንዳንድ መምህራን ይህን ስንል «ለመጻፍ ጊዜ የለም፣ በሽተኛው ብዙ ነው» ይሉናል። እውነት አላቸው። አሕጽሮተ ቃል ሁሉ ጠላት ነው ያለም የለም። እኛ የካምፕ ሰዎች ኑሯችን በሙሉ በአሕጽሮተ ቃል ነው፤ ዩኤንኤችሲአር፣ ደብሊውኤፍፒ፣ ኤምኤስኤፍ እያልን ነው የምንውለው። ቲቢን በሙሉ ስሙ የሚጠራው ማን ነው? ኦአርኤስንም አገር ቤት «ለምለም» ብለን ጨርሰነዋል። አንዳንዱ አጭር ስም ለሕመምተኛው ከለላ ይሆናል፤ አገራችን ሐኪሞች ኤችአይቪን «አርቪአይ» ብለው የሚጽፉት አልጋ አጠገብ የቆመ ጎረቤት እንዳያውቅ ነው። ይህን አንነካም። ጥያቄያችን የሚመለከተው መጠንን፣ ሰዓትን፣ የመድኃኒት ስምን ነው። እነዚህ ሦስቱ ላይ የሚቆጠብ ጊዜ በሌላ ሰው ሕይወት የሚከፈል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ መጠየቅ። ወረቀቷን ሸምድዶ ያለፈ ተማሪ ሁሉን እንደሚያውቅ ስለሚቆጠር፣ ያልገባውን ፊደል ሲያይ ለመጠየቅ ያፍራል። ስደተኛ ሲሆን ደግሞ ኀፍረቱ እጥፍ ነው፤ «ቋንቋ አታውቅም» እንዳይባል ዝም ይላል። መምህራን ሆይ፣ ይህ ዝምታ የሚሰበረው ክፍል ውስጥ ነው። ሆን ብላችሁ ሁለት ፍቺ ያለው ትእዛዝ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ፍቺውን ቶሎ ብሎ ለመለሰው ልጅ ሳይሆን «ሐኪሙን ልጠይቅ» ላለው ማርክ ስጡ።

ወረቀቷን ጣሏት አንልም። ሦስተኛ ረድፍ ጨምሩባት፤ እዚያ ላይ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለሕመምተኛው የሚነገረውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአረብኛ ይጻፉ። እንዳይጻፉ የተከለከሉትን በቀይ እስክሪብቶ ክበቡባቸው፤ ይነበባሉ እንጂ አይጻፉም። ኦዲ ጎን ሦስቱንም ፍቺ አስፍሩ።

ለፈተናም የምናቀርበው ጥያቄ አለ። ከዝርዝሩ አንድ ትእዛዝ ይመረጥና «ይህን ማንበብ ለማትችል እናት ንገሪያት» ይባል። «በቀን ሦስት ጊዜ» ብላ ያቆመች ተማሪ ግማሽ ማርክ ታገኛለች። በየትኞቹ ሰዓታት እንደሆነ በሐበሻ አቆጣጠር ነግራ፣ እናትየዋንም መልሰሽ ንገሪኝ ያለቻት ሙሉውን ታገኛለች።