«ጋዘር» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስና የአንድ ቃል ፍቺ ጉድለት

እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንደ መሆኑ፣ «ጋዘር» የተባለውን ግስ «ሰበሰበ» ብሎ አስጽፎ ማለፍ ተማሪውን ለስሕተት ያጋልጣል። ፍቺው ሐሰት አይደለም፤ ሕዝብም መረጃም ይሰበሰባልና። ሆኖም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ገጠር የሚመጣው ተማሪ የለመደው አማርኛ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ጭራሮና ኩበት ይለቀማል፣ አበባ ይቀጠፋል፣ ከአጨዳ የተረፈው የገብስ ዛላ ይቃረማል። እንግሊዝኛው ለጭራሮውም ለአበባውም «ጋዘር» ይበቃዋል፤ ለቃርሚያ ግን «ግሊን» የሚል የራሱ ግስ አለው። መምህሩ ይህን ልዩነት ከተማሪው አንደበት ማውጣት ሲችል ዝም ብሎ ማለፉ ያስቆጫል።

መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ፍጥነት «ጋዘር» ያደርጋል ይባላል፤ በአማርኛ ግን ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ ፍጥነት አይሰበስብም። የቀሚስ ወገብ ሲሆን ደግሞ ይሸበሸባል።

ከሁሉ የሚከፋው «አይ ጋዘር ዘ ስኩል ኢዝ ክሎዝድ» የሚለው ዓይነት አነጋገር ነው። ተናጋሪው ከሰማው ወይም ካየው ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ መዘጋቱን መረዳቱን ይገልጻል፤ «ሰበሰበ»ን ብቻ የያዘ ተማሪ የሚሰበሰበውን ነገር ሲፈልግ ሐሳቡ ያመልጠዋል። «እንደ ተረዳሁት» ቢባል ግን ወዲያው ይገባዋል።

ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃልን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ይተረጉማል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ይህን ስልት በቃላት ዝርዝራቸው ሊከተሉት ይገባል፤ የቦታ ጥበት ምክንያት አይሆንም፣ ለዚህ ግስ አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይበቃሉና።